ፓምፑ ውሃ እስኪጠግብ

ወገኖቼ፣ እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በሩ ላይ የቆማችሁም ግቡ፤ ቡናው ገና አልፈላም፣ ሌሊቱም ረጅም ነው። ዛሬ የማወጋችሁ የንጉሥ ወይም የጦር ታሪክ አይደለም፤ አንድ የውሃ ፓምፕ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ አዋሽ ዳር እስኪተከል፣ ከተተከለም በኋላ የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ማሳ እስኪገፋ ድረስ የሆነውን ነው። ብረት ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በዚያ ብረት ላይ የብዙ ቤት እንጀራ ተንጠልጥሎ ነበር።

ፓምፑ መኪና ላይ የተጫነው በመስከረም መጀመሪያ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ ሌሊቱን ተጉዘው በጋላፊ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ፣ ከዚያም ፀሐይዋ ወጣች፣ ሙቀቱም ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከአስፋልቱም ይነሣ ጀመር፣ እነሱም መስኮቱን ቢከፍቱ ትኩስ ንፋስ፣ ቢዘጉ መታፈን ሆነባቸውና ዝም ብለው ተጓዙ። አዋሽን ታውቁታላችሁ፤ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣል፣ ኮካ ላይ ይጠራቀማል፣ ወንጂንና መተሐራን ያጠጣል፣ ከዚያም ወደ አፋር ቆላ ይወርድና አሳይታን አልፎ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ ባሕር ሳያይ የሚቀር ወንዝ ነው። ፓምፑ ደግሞ የመጣው ከባሕሩ ነው፤ ወንዙ ቁልቁል በወረደበት አገር ሽቅብ እየወጣ ሊገናኘው ይሄድ ነበር።

ሚሌ ሲደርሱ ንፋስ ተነሣ። ቀይ አሸዋ ያዘለ ንፋስ ነው፣ ፊት ይገርፋል፣ ሸራውንም ያርገበግበዋል። ረዳቱ ሸራውን ሊያጠብቅ ከላይ ሲወጣ ከፓምፑ ሁለት አፎች የአንደኛው የእንጨት ክዳን በመንገድ ተነቅሎ ወድቆ አገኘው። ልጁ ስለ ፓምፕ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ግን ጥቂት አየው፣ ከዚያም የአንገቱን ሻሽ ፈታ፣ አፉ ላይ ዘረጋው፣ በሲባጎም ዙሪያውን ደጋግሞ ጠምጥሞ አሠረው። ሾፌሩ ከታች «ምን ትሠራለህ? ብረት እኮ ነው!» ቢለው፣ «ይሁን፣ አሸዋ ይገባበታል» አለና ወረደ። ከዚያም በገዋኔ፣ በአዋሽ ሰባት፣ በመተሐራ አድርገው፣ በወለንጪቲ ዳገት እየተነፋፉ ወጥተው፣ በሁለተኛው ቀን ማታ ከወንጂ ሜዳ ብዙ ሳይርቅ ካለ የመስኖ ማህበር ግቢ ደረሱ።

የዚያ አገር ሰው ለፓምፕ እንግዳ አይደለም። በጃቫ ደሴት የስኳር እርሻ የነበረው የሆላንዶቹ ኩባንያ፣ ኤች ቪ ኤ የሚባለው፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ የመጀመሪያው ስኳር ከወጣ ጀምሮ አዋሽ በፓምፕ እየወጣ አገዳ ሲያጠጣ ኖሯል። ፓምፑን እንዲተክሉ የተለመኑት ሽማግሌ መካኒክም በዚያ ድምፅ ውስጥ ያደጉ ናቸው፤ አባታቸው የፓምፕ ቤት ተረኛ ነበሩና እሳቸው በልጅነታቸው ምሳ እያደረሱ፣ ከሩቅ በድምፁ ብቻ የትኛው ፓምፕ እንደቆመ ይለዩ ነበር ይባላል። አገሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። እኛም ጋሼ እንላቸዋለን።

ማህበሩ ሽንኩርት አምራች ነው። አባላቱ የሚያለሙት መሬት ከወንዙ በላይ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ በሰከንድ 100 ሊትር ውሃ ወደ 40 ሜትር ከፍታ የሚገፋ ፓምፕ በብድር ገዙ። ችግኙ መደብ ላይ ነበር። የሽንኩርት ችግኝ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ጊዜው ሲደርስ ካልተነቀለና ካልተተከለ አንገቱ ይወፍራል፣ ራሱም ሳያፈራ ያረጃል። ስለዚህ በዚያ ግቢ ውስጥ ቀኑን የማይቆጥር ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ክርክር የተነሣው ግን ፓምፑ ገና ሳይመጣ፣ መሠረቱ የት ይቆፈር ሲባል ነው። ሊቀመንበሩ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ኮካ ሞልቶ ውሃ ሲለቀቅ አዋሽ እንዴት ከአልጋው እንደሚወጣ አይቷልና የፓምፑ ቤት ዳገቱ አናት ላይ ይሁን አለ። ጋሼ አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም፤ ገመድ አስመጡ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አሠሩ፣ ከዳገቱ አናት ወደ ውሃው ለቀቁት፣ ከዚያም ገመዱን ስበው ሜዳ ላይ ዘርግተው በሜትር ለኩት። 7 ሜትር ሆነ። «ወንድሜ» አሉት፣ «ከዚህ ላይ ብንተክለው ውሃ አይመጣም።» «እንዴት አይመጣም ጋሼ? ይህን ሁሉ ብር ያወጣንበት ፓምፕ 40 ሜትር ይገፋል አላሉንም?» አላቸው። «ይገፋል፤ ግን አይስብም። ፓምፕ ውሃ አይስብም ወንድሜ። ከአፉ የደረሰውን ውሃ ነው ወርውሮ የሚገፋው። ከወንዙ እስከ አፉ ድረስ ውሃውን ሽቅብ የሚያወጣው ሌላ ነው።» ሰዉም ዝም ብሎ ያያቸው ጀመር።

እዚህ ላይ ወገኖቼ፣ ጥቂት ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም ጋሼ በአንድ አፍ የተናገሩትን ለማወቅ የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመሳቢያ ፓምፕ የቱንም ያህል ደህና ቢሠራ ውሃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ሊያወጣ እንደማይችል ጻፈ፤ ለምን እንደሆነ ግን ልኩን አላገኘውም። ከእሱ በኋላ ቶሪቼሊ በብርጭቆ ቱቦ ሜርኩሪ ሞልቶ ገለበጠ፣ ሜርኩሪውም ጥቂት ወርዶ ቆመ፣ እሱም ያቆመው ከውጭ የሚጫነው የአየር ክብደት ነው አለ። ከዚያ ፓስካል፣ አየር ክብደት ካለው ተራራ አናት ላይ መቅለል አለበት ብሎ፣ የእኅቱን ባል ፔርዬን ለመነው፤ ፔርዬም እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1648 ቱቦውንና ሜርኩሪውን አሸክሞ፣ የከተማውን ሰዎችም ምስክር አድርጎ፣ በፈረንሳይ አገር ፒዩይ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ። አናቱ ላይ ሜርኩሪው ከታች ከነበረበት ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ተገኘ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ይህን ባወቅሁ ጊዜ በጣም ደንቆኝ ነበር። ያ ፔርዬ ላቡን እያንጠፈጠፈ የወጣው ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,465 ሜትር ነው። የወንጂ ሜዳ ደግሞ 1,540 ሜትር ገደማ ነው። ቆላ የምንለው፣ አገዳ የሚበቅልበት፣ ሰው ደጋውን ቀና ብሎ የሚያይበት ሜዳ ከዚያ ተራራ አናት ይበልጣል። የእኛ ሰው ተወልዶ የሚያድገው፣ የሚያርሰው፣ ፓምፕም የሚተክለው የአየሩ ክብደት በቀለለበት ከፍታ ላይ ነው። በባሕር ዳርቻ ሆነው የጻፉት የፓምፕ መመሪያ የሚያስበው አየሩ ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ሊያወጣ በሚችልበት አገር ነው፤ እዚያ አዋሽ ዳር ግን ከ8.6 ሜትር አይበልጥም። ከዚያም ላይ ውሃው ራሱ በሙቀት ወደ እንፋሎት ሊለወጥ የሚገፋው አለ፣ በቱቦውና በወንፊቱ መታሸት የሚጠፋው አለ፣ ፓምፑም ለራሱ አፉ ላይ ሳይጎድል መድረስ ያለበት ግፊት አለ፤ ይህ ሁሉ ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው ከ5 ሜትር ያነሰ ነው።

ጋሼ ይህን ሁሉ በቁጥር አላወሩትም፤ እጃቸውን ከዳገቱ ዝቅ አድርገው፣ በጋ ላይ ውሃው የሚወርድበትን የመጨረሻ ምልክት ከሽማግሌዎች ጠይቀው፣ ከዚያ 3.5 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካስማ ተከሉ። የሊቀመንበሩንም ስጋት አልጣሉበትም። በፓምፑ ዙሪያ የድንጋይ ግንብ እንዲገነባ፣ የመብራቱ ሳጥንና ስታርተሩ ግን እሱ እንዳለው ዳገቱ አናት ላይ እንዲሆን አደረጉ። ሊቀመንበሩም «እሺ ጋሼ» አለ፣ ቁፋሮውም ተጀመረ።

የመሠረቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። አርማታው የተሞላው ፓምፑ ከመምጣቱ ከወር በላይ ቀድሞ ነው፤ የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነውና ጋሼ ከዚያ በፊት ብረት አይቀመጥበትም አሉ፣ በየማለዳውም ውሃ አጠጡት፣ ጆንያም አለበሱት። ክብደቱ ከፓምፑና ከሞተሩ ብዙ እጥፍ እንዲሆን ያደረጉት ደግሞ ማሽኑ ሲዞር መንቀጥቀጡን የሚውጥለት እንዲያገኝ ነው።

ፓምፑ በደረሰ ማግስት ሸራው ሲገለጥ ጋሼ መጀመሪያ ያዩት ያን ሻሽ ነው። ሲባጎውን ራሳቸው ፈቱት፣ ሻሹን ቀስ ብለው አነሡት፣ ከላዩም እፍኝ ሙሉ ቀይ አሸዋ ወረደ። «ይህን ያሠረ ማነው?» አሉ። የሚያውቅ አልነበረም፤ መኪናው ሌሊቱን ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ጋሼ ሻሹን አራገፉት፣ ሳሙና አስመጥተው አጠቡት፣ አጥሩ ላይም አሰጡት፣ ከዚያም አብራቸው ለምትሠራው ወጣት ቴክኒሻን «ልጄ፣ ይህ አሸዋ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ደቂቃ የዘንጉን መዝጊያ ይበላው ነበር። ያ ልጅ ባለውለታችን ነው» አሏት። እሷ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከወጣች ዓመት አልሞላትም፤ ያየችውን ሁሉ በደብተር ትጽፋለች፣ ይህንንም ጻፈች።

ከዚያም ቱቦዎቹን መግጠም መጣ። የመሳቢያው ቱቦ ወርዱ 300 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ነው፤ ከወንዙ እስከ ፓምፑ ድረስ ያለማቋረጥ ሽቅብ ማዘንበል አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ጉብታ ካለው አየር እዚያ ይደበቃል። ወደ ፓምፑ አፍ ሲጠብ እንኳ የሚጠበው ከታች በኩል እንጂ ከላይ በኩል አይደለም፤ የላዩ ጎን ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፣ ይህም ለዚያው ለአየሩ ሲባል ነው። በያጁ ቱቦውን አምጥቶ ሲያስጠጋው የጫፉ ፍላንጅ የቡሎን ቀዳዳ ከፓምፑ ቀዳዳ በጣት ያህል ሳተ። እሱም «በሰንሰለት ስቤ አመጣዋለሁ፣ ቡሎኑ ይይዘዋል» አለ። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ቱቦ ተጎትቶ ከተገጠመ ፓምፑን ዕድሜ ልኩን ይጎትተዋል፣ ዘንጉን ያጣምማል፣ ኩሽኔታውን ይፈጃል። «ቡሎን በእጅ ካልገባ አይገባም» አሉ። ስለዚህ ቱቦው ተቆረጠ፣ እንደገናም ተበየደ፣ ቡሎኖቹም በእጅ እየገቡ ዳዶው ታሠረ። ይህችን ብየዳ አትርሷት፤ ትመለስብናለች።

ሞተሩና ፓምፑ በአንድ የብረት መቀመጫ ላይ ናቸው፣ ዘንጎቻቸውም በካፕሊንግ ይገናኛሉ። ፋብሪካው አስተካክሎ ልኮታል ይላል ወረቀቱ። ጋሼ ግን መሠረቱ ከታሠረና ቱቦው ከተገጠመ በኋላ ጥቃቅን ልዩነት የሚለካውን ዳያል ጌጅ አሠሩና ዘንጉን በእጃቸው ቀስ እያሉ አዞሩት፣ መርፌውም ተንቀሳቀሰ፣ ልጅቷም አነበበችላቸው። አንዱ ዘንግ ከሌላው 0.40 ሚሊ ሜትር ሸሽቷል። የዚያ ሁሉ መንገድ ጉድጓድ ስንቱን ያንገራግጨዋል? ከሞተሩ እግር ሥር ስስ ቆርቆሮ እያስገቡ፣ እያወጡ፣ ቡሎኑን እያላሉ፣ መልሰው እያጠበቁ፣ እንደገናም እየለኩ እስከ ማታ ቆዩ፤ ጀምበር ስትጠልቅ መርፌው 0.04 ላይ ቆመ።

በማግስቱ ካፕሊንጉ ተፈታና ሞተሩ ለብቻው ተነካ። መጀመሪያ ግን ልጅቷ የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ሜገር በሚባለው መለኪያ ለካችው፤ ወደብ ላይ የቆየ ሞተር የባሕር እርጥበት ይጠጣልና። ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ለቅጽበት ብቻ አስነሥተው አጠፉት፣ ሁሉም ዘንጉ ወዴት እንደዞረ አየ። ፓምፑ ጎን ላይ የተቀረጸው ቀስት ወደ ቀኝ ይላል፣ ሞተሩ ወደ ግራ ዞረ። ይህ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ከሦስቱ የመብራት ሽቦዎች ሁለቱን ብታለዋውጧቸው ይስተካከላል፣ እሷም አለዋወጠቻቸው። ሳይታይ ቢታለፍ ግን ክፉ ነው፤ በተቃራኒ የሚዞር ፓምፕ ጥቂት ውሃ መግፋቱ አይቀርም፣ ሰውም ፓምፑ ደካማ ነው እያለ ይኖራል፤ ውሃውን የሚወረውረው ክንፋማ ክፍሉ፣ ኢምፔለር የሚባለው፣ በጥርስ የሚታሠር ከሆነ ደግሞ ኢምፔለሩ ተፈትቶ ቤቱን ይሰብራል። ከዚህ በኋላ ካፕሊንጉ ታሠረ፣ መሸፈኛው ተገጠመ፣ የኩሽኔታው ቤትም የቆየ ዘይቱ ፈስሶ አዲስ ዘይት እስከ መስታወቱ እኩሌታ ተሞላለት።

አሁን ነገሩ ያለቀ መሰለ፤ ሰዉም ተሰብስቦ ነበር። ቀኑ የጥቅምት ማለዳ ነው፣ ከወንዙ ጉም ይነሣል፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቧል። ጋሼ ወደ ሰዉ ዞረው «ያላችሁን ጀሪካን ሁሉ አምጡ» አሉ። «ለምን ጋሼ?» «ፓምፑ መጀመሪያ ከእኛ እጅ ይጠጣል።»

ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ የመጣሁበት ይህ ነው። ፓምፑ ያን 40 ሜትር የሚገፋው ሆዱ ውስጥ ባለው ነገር ነው። ሆዱ ውስጥ ውሃ ካለ 40 ሜትር ውሃ ይገፋል። አየር ካለ ደግሞ 40 ሜትር አየር ይገፋል። በዚያ ከፍታ ላይ ውሃ ከአየር አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይከብዳልና፣ 40 ሜትር አየር ቢመዘን 4 ሴንቲ ሜትር ውሃ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ወንዙ ግን 3.5 ሜትር ከታች ነው። ስለዚህ አየር የጎረሰ ፓምፕ፣ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢጮህ፣ በደቂቃ 1,480 ጊዜም ቢዞር፣ ከአዋሽ ላይ አራት ጣት እንኳ የማይሞላ ውሃ ከፍ አድርጎ ቆሞ ይቀራል። ቆሞ ቢቀር ባልከፋ፤ ዘንጉን የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ያው ውሃ ነውና በደረቁ ሲዞር ይግላል፣ ፓኪንግ የሚባለው የዘንጉ መዝጊያ ይነዳል፣ ብረትም ከብረት ይነክሳል። ከዚያው ወንዝ ዳር፣ ወረድ ብሎ ያለ አንድ እርሻ አዲስ ፓምፑን በምርቃቱ ቀን በደረቁ አስነሥቶ፣ ጭብጨባው ሳያልቅ ጭስ እንደወጣው ሰው ሁሉ ያውቃል። በትልልቅ ጣቢያዎች አየሩን መጥጦ የሚያወጣ ሌላ ትንሽ ማሽን አለ፤ እዚህ ያለው ጀሪካንና ጉልበት ነው።

ስለዚህ የመውጫው ቫልቭ ተዘጋ፣ ፓምፑ አናት ላይ ያለችው የአየር መውጫ ተከፈተች፣ አፉ ሰፋ ታቹ ጠበብ ያለ የላሜራ ማፍሰሻም ተገጠመ። ከዳገቱ እስከ ወንዙ ሰው ተሰለፈ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወጣ፣ ባዶው ወረደ፣ ሙሉው ወጣ፣ ልጆች በኦሮምኛ ይቆጥራሉ፣ ሴቶች በአማርኛ ይመልሳሉ። ቱቦው ብቻውን ከ800 ሊትር በላይ ይይዛልና ሃምሳ ጀሪካን ገደማ ፈሰሰበት። በአየር መውጫዋ መጀመሪያ ንፋስ ወጣ፣ ከዚያ አረፋ የተቀላቀለበት ውሃ ተንፈቀፈቀ፣ በመጨረሻም ጥርት ያለ ውሃ ፈሰሰ፣ ሰዉም እልል አለ።

ጋሼ ግን «ቆዩ» አሉና ማፍሰሻው ውስጥ ባለው ውሃ ልክ በጠመኔ ምልክት አደረጉ፣ ከዚያም ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም አልተናገረም። ጉሙ ተገፈፈ፣ ፀሐይዋም ሞቀች። ሲያዩት ውሃው ከምልክቱ ወርዷል። ሞሉት፣ ደግሞም ወረደ። ከቱቦው ጫፍ ወንዙ ውስጥ ያለው ፉት ቫልቭ፣ ውሃ ወደ ላይ አሳልፎ ወደ ታች የሚከለክለው፣ በደንብ አልገጠመም ማለት ነው። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየና «ጋሼ፣ ጥቂት ብቻ እኮ ነው የሚወርደው፣ ቶሎ ብናስነሣውስ?» አለ፤ ክፉ ልብ ኖሮት አይደለም፣ ችግኙ ነው ያስጨነቀው። ጋሼም «ዛሬ በጀሪካን ደግፈን እናስነሣው ይሆናል። ነገ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ግን ውሃው ወርዶ ያድራል፣ ጧት ተረኛው ሳያውቅ በደረቁ ያስነሣዋል» አሉት።

የቱቦው ጫፍ በሰንሰለት ማንሻ ከወንዙ ተነሣ፣ ያ ሁሉ የተሸከሙት ውሃም ተመልሶ ወንዝ ገባ። ፉት ቫልቩ ሲፈታ ከመዝጊያው ሥር የጣት ጥፍር የምታህል የብየዳ ቅርፊት ተሰክታ ተገኘች። ይህች ቱቦው እንደገና በተበየደ ቀን የቀረች ቅርፊት ናት። በያጁ ራሱን አቀረቀረ። ጋሼ ቅርፊቷን በመዳፋቸው ላይ አድርገው ለሰዉ አሳዩና «ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ የኔ ነው። ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከተበየደ በኋላ በውሃ ሳላሳጥብ ያስገጠምኩትም እኔ ነኝ» አሉ።

ሰዉ ዝም አለ። ሃምሳ ጀሪካን እንደገና መሸከም ቀላል አይደለም፣ ፀሐይዋም በርትታለች። ያን ጊዜ አንዲት እናት፣ ችግኛቸው ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩ፣ ጀሪካናቸውን አነሡና አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ወንዙ ወረዱ። ከዚያም ልጆቹ ተከተሏቸው፣ ከዚያም ወንዶቹ፣ ሊቀመንበሩም ኮቱን አውልቆ ሰልፉ ውስጥ ገባ።

ቱቦው በውሃ ታጠበ፣ ፉት ቫልቩ ተጠርጎ ተመለሰ፣ በፓምፑ አፍ ላይም ለጊዜው የሚቆይ ወንፊት ገባ፣ ውሃውም እንደገና ተሞላ። በዚህ ጊዜ ምልክቱ ላይ ቆመ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመ። ጋሼም ልጅቷን ጠርተው «ዘንጉን በእጅሽ አዙሪው» አሏት። ቀስ ብላ ስታዞረው በአየር መውጫዋ ጥቂት አረፋ ወጣ፤ በኢምፔለሩ ክንፎች መሐል ተደብቆ የነበረ አየር ነው። ደግማ አዞረች፣ ደግሞ ወጣ። አረፋው እስኪያልቅ አዞረች፣ ከዚያም የአየር መውጫዋን ዘጋች። የመሳቢያው መንገድ ሙሉ በሙሉ ክፍት፣ የመውጫው ቫልቭ ዝግ መሆኑን በእጇ ነክታ አረጋገጠች፤ እንዲህ ያለው ፓምፕ ውሃ ሳያወጣ ሲዞር ሸክሙ ቀላል ነውና ሞተሩ ሳይጨነቅ ይነሣል።

«ጋሼ፣ ማስነሻውን ይጫኑታ» አለች። «አንቺ ተጫኚው ልጄ፣ እኔ ልስማው» አሉና ወደ ፓምፑ ጠጋ ብለው ቆሙ። ተጫነችው። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ድምፁ ወጣ፣ ከዚያም ተስተካከለ፣ የመውጫው ጌጅም ከ4 ባር በላይ ወጥቶ ቀጥ አለ። የዚያ መርፌ መውጣት ፓምፑ ውሃ እንደያዘ ምስክር ነው፤ አየር ቢሆን ዜሮ ላይ በተኛ ነበር። ቫልቩን ዘግቶ ብዙ ማቆየት ደግሞ ውሃውን ሆዱ ውስጥ ያፈላዋልና ወዲያው እሷ መዘውሩን ጥቂት ጥቂት እያለች ከፈተች፣ የመብራቱ ጌጅ ቀስ እያለ ወጣ፣ የግፊቱ ጌጅ ቀስ እያለ ወረደ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አፉ ላይ ውሃ ያነሰው ፓምፕ ጠጠር በብረት ቱቦ ውስጥ እንደሚንከባለል ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ውሃው በገዛ እጁ ፈልቶ፣ አረፋውም እየፈነዳ ብረቱን ሲበላው ነው። ያ ድምፅ አልነበረም።

ውሃው ወዲያው አልታየም። ከፓምፑ እስከ ቦዩ ራስ ድረስ ያለው ቱቦ ባዶ ነበርና ሩብ ሰዓት ያህል በዳገቱ ላይ ያለችው የአየር ማስወጫ እያፏጨች ቆየች። ሊቀመንበሩ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከላይ ካለው ልጁ ጋር ሆኖ ይጠብቃል። ከዚያም ከስልኩ ውስጥ «መጣ! መጣ አባዬ!» የሚል ድምፅ በዙሪያው ላለው ሁሉ ተሰማ። የሆነውን እልልታ ልነግራችሁ አልችልም።

በዚያ ጫጫታ መሐል አንድ ጎልማሳ ከዘንጉ ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ አይቶ «ያፈሳል! አጥብቁት!» ብሎ ኪያቤ አነሣ። ጋሼ እጁን ያዙት። «ተወው፤ ይህ ጠብታ ፓኪንጉን የሚያቀዘቅዘው ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ ያህል ሲሆን ልኩ ነው። ሙሉ በሙሉ ካደረቅከው ይቃጠላል፣ ዘንጉንም ይፍቀዋል።» ከዚያም ከሰዓት ሰዓት ዳዶውን ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ ወደዚያ ልክ አመጡት። ልጅቷ በየግማሽ ሰዓቱ የኩሽኔታውን ሙቀት፣ የግፊቱን ጌጅ ንባብና የመብራቱን አምፔር በደብተር ላይ ጻፈች፤ ማታም ፓምፑን ለጥቂት ጊዜ አቁመው፣ ብረቱ እንደሞቀ፣ የሁለቱን ዘንጎች መገጣጠም መልሰው ለኩ፤ ብረት ሲሞቅ ያድጋል፣ በብርዱ የተስተካከለው ይለወጣልና።

በማግስቱ ያ ጊዜያዊ ወንፊት ወጣ። ውስጡ ሦስት የብየዳ ቅርፊት፣ የኤሌክትሮድ ቁራጭና ጥቂት ጠጠር ነበረ፤ ልጅቷ ወረቀት ላይ ዘርግታ ለበያጁ አሳየችው፣ እሱም አንድ በአንድ አነሣቸው። ወንፊቱ ሲወጣ አየር ገብቷልና የፓምፑ ሆድ እንደገና መሞላት ነበረበት፤ ፉት ቫልቩ የቱቦውን ውሃ ይዞ ስላደረ ግን አሁን ስድስት ጀሪካን በቃው። ሞሉት፣ አዞሩት፣ አረፋውን አስወጡት፣ ምልክቱንም ጠበቁ። ከዚያም እሷ አስነሣችው፣ ውሃውም ወደ ላይኛው ማሳ ወጣ፣ የዚያን ቀን የማጠጣት ተራም የእኚያ መጀመሪያ ጀሪካን ያነሡት እናት ሆነ።